ወንድምሽ ቢላ ላይ ምን አግኝቶ ነው?

የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ሲል እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ታናሽ ወንድሜ ቢላ መሰብሰብ ከጀመረ ወዲህ ቤታችን ክርክር አላጣውም። አንድ ቀይ የስዊዝ ሰንጢ፣ የእንጨት እጀታ ያለው የፈረንሳይ ሰንጢ፣ የአፋር ጊሌ፣ የጃፓን የወጥ ቤት ቢላና የአያታችን ካራ አለው። እሁድ እሁድ ሲስልና ሲወለውል ነው የሚውለው። እናታችን ስለታም ነገር ቤት ሲበዛ ደስ አይላትም። የአያታችን ካራ ጠቁሯል። እሷ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ልፈግፍገው ትላለች፣ እሱ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ለመሆኑ ሰው ቢላ ላይ ምን አግኝቶ ነው? ልደቱ ደግሞ ደርሷል። ሌላ ቢላ ብገዛለት ማባባስ ይሆንብኛል?»

እህቴ፣ አንድ አስቸኳይ ነገር አለና ከእሱ ልጀምር። እናትሽን ሽቦውን ለጊዜው ያስቀምጡልኝ በያቸው። ምክንያቱን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

እኔ እንጀራዬ ከዚሁ ነው። የሥጋ ቤትና የሆቴል ቢላ እስላለሁ፣ የተሰነጠቀ እጀታ እቀይራለሁ። ማታ ደግሞ እንደ ወንድምሽ የራሴን አውጥቼ አያለሁ። ስለዚህ ገለልተኛ ዳኛ አገኘሁ ብለሽ እንዳትሸወጂ።

ቢላ ይሰበስባል ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው ጠብ ነው። ወይ የወንድነት ጉራ። እንደዚያ ያለ ሰብሳቢ የለም አልልም። እኔ የማውቃቸው ግን አብዛኞቹ በበዓል ዶሮ እረዱ ሲባሉ ጎረቤት የሚጠሩ ናቸው። የሚስባቸው ሌላ ነው።

እስቲ ቤታችሁን ዞር ዞር ብለሽ እዪ። ሲያረጅ ባለቤቱ ራሱ በእጁ ወደ ድሮው የሚመልሰው ዕቃ ስንት ነው? ስልክ ባትሪው ሲደክም ይቀየራል። ሚክሰር ሲቃጠል ጠጋኝ ጋ ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜም ሳይመለስ ይቀራል። ቢላ ሲደንዝ ግን የሚፈልገው ድንጋይና ውሃ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከሱቅ ከወጣበት ቀን የበለጠ ሊቆርጥ ይችላል። እውነቱን ለመናገር ከሱቅ የሚወጣ ቢላ ገና ያላለቀ ሥራ ነው። የሚጨርሰው የገዛው ሰው ነው። እሱም አንዴ ጨርሶ አይገላገልም፣ በየጊዜው እንደገና ይጀምረዋል። ወንድምሽን የያዘው ይኼ ነው ብዬ አስባለሁ።

ካላመንሽኝ አንድ እሁድ አጠገቡ ቁጭ በይ። ድንጋዩን ያረጥበዋል። ቢላውን ወደ 15 ወይም 20 ዲግሪ ያጋድላል። በዚያው ማዕዘን፣ ሳያዛንፍ፣ ይገፋል ይመልሳል። ውሃው ግራጫ ጭቃ ይሆናል። አይጠርገውም፣ ምክንያቱም ጭቃውም ይስላል። ከዚያ ቆም ብሎ አውራ ጣቱን ከቢላው ጀርባ ወደ ስለቱ፣ አቋርጦ፣ በቀስታ ያንሸራትታል። የሚፈልገው ወደ ሌላው ጎን የታጠፈች፣ በዓይን የማትታይ ስስ የብረት ክር ነው። ክሯ ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ ድረስ ካልተሰማችው ሲስለው የቆየው ጎን ገና አልተሳለም። ከተሰማችው ይገለብጠዋል። በመጨረሻ በለሰለሰው ድንጋይ ያሳስሳታል፣ ቆዳ ላይ ቢላውን ወደ ኋላ እየጎተተ ደግሞ ጨርሶ ያስወግዳታል። ቆዳው ላይ ወደ ፊት ከገፋው ቆዳውን ይቆርጠዋል፣ ስለዚህ ሁሌም ወደ ኋላ ነው። ከዚያ የጋዜጣ ወረቀት ያነሳል። ወረቀቱ ሳይቀደድ፣ ሳይንጫጫ ለሁለት ሲከፈል ፊቱን እዪው። መልሱ እዚያ አለልሽ።

ይኼ ሁሉ ለወረቀት ነው እንዳትዪ። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስትከትፊ የደነዘ ቢላ ሽንኩርቱን ይጨፈልቀዋል፣ የሚያስለቅስሽ ውሃም ይበዛል። የተሳለው ግን ሰንጥቆ ያልፋል። እጅን የሚቆርጠውም ብዙ ጊዜ የደነዘው ነው። ስለማይገባ በጉልበት ትጫኚዋለሽ፣ ከዚያ ከቲማቲሙ ላይ ያዳልጥና ጣትሽ ላይ ያርፋል። ሥጋ ቤት ቁርጥ ስትበዪ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገባሻል። ሥጋውን በጥርስ ይዞ ከከንፈር ሥር ሸርተት የሚያደርግ ሰው በደነዘ ቢላ ቢሞክረው ጉድ ነው የሚሆነው። ሥጋ ቆራጩ ሁለቱን ቢላ ፏ ፏ እያደረገ የሚያፋጨውም ለደንበኛ ትርዒት አይደለም። የተጣመመውን ስለት እያቀና ነው።

አሁን ወደ ስብስቡ እንምጣ። የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢ ኦፒኔል መሆን አለበት። ስለቱ ላይ ዘውድ የተደረገበት እጅ ታትሞ ካየሽ አትጠራጠሪ። ዦዜፍ ኦፒኔል የሚባል ሰው ነው በ1890 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሳቩዋ ተራሮች ውስጥ ለአካባቢው ገበሬ የሠራው። በ1897 ከ1 እስከ 12 የተቆጠሩ መጠኖች ወጡለት። 1 ቁጥርና 11 ቁጥር በኋላ ተዉ። በ1955 ስለቱን ቆልፎ የሚይዝ የሚሽከረከር ቀለበት ተጨመረለት። ከዚያ ወዲህ ሰንጢው በጠቅላላው አምስት ነገር ብቻ ነው፦ ስለት፣ እጀታ፣ የማሰሪያ ሚስማርና ሁለት ቀለበት። ከዚህ በላይ የሚቀነስ የለውም። እጀታው ሲርስ እንጨቱ ያብጥና ስለቱ አልወጣ ይላል። ለዚህም መላ አላቸው። የሳቩዋ ሰው የእጀታውን ቂጥ ጠረጴዛ ላይ ኳ ያደርገዋል፣ ስለቱ ብቅ ይላል። ወንድምሽ ይኼን ሲያደርግ አይተሽ ከሆነ ዕቃ እየሰበረ አይደለም፣ ደንቡ ነው።

የስዊዙ ታሪክ ጠመንጃና የታሸገ ምግብ ላይ ይጀምራል። የስዊዝ ጦር ለወታደሩ አዲሱን ጠመንጃ የሚፈታበት፣ ቆርቆሮም የሚከፍትበት ሰንጢ አስፈለገው። የሚገርመው፣ የመጀመሪያዎቹን የሠራችው ስዊዝ ሳትሆን የጀርመኗ ዞሊንገን ናት። ካርል ኤልዘነር የሚባል፣ በስዊዝ የሽቪትስ ግዛት የሚኖር ቢላ ሠሪ ይኼ አላስችለው አለና በ1891 ለጦሩ ማቅረብ ጀመረ። በ1897 ደግሞ ቀለል ያለ፣ ሁለተኛ ትንሽ ስለትና የቡሽ መንቀያ ያለው የመኮንኖች ሰንጢ አስመዘገበ። መንግሥት ለመኮንኖቹ አላደላቸውም፣ የፈለገው በኪሱ ገዛ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ቀዩ ሰንጢ የዚህ ልጅ ነው። ኒው ዮርክ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሳይቀር ከዲዛይን ስብስቡ ውስጥ አስገብቶታል።

ሰብሳቢ እንዲህ ያለውን ታሪክ ለምን ይወዳል? ምክንያቱም ብረቱ ላይ ተጽፏል። የቢላ አምራች ስሙን ስለቱ ሥር ይመታበታል፣ ማኅተሙም በየዘመኑ ይለወጣል። ኬስ የሚባለውን የአሜሪካ ሰንጢ ብትወስጂ በ1970 ከስሙ ሥር አሥር ነጥብ ነበረው። በየዓመቱ አንድ ነጥብ እየቀነሱ ሄዱ። ሰባት ነጥብ ያየ ሰው የ1973 ሥራ ነው ብሎ ይነግርሻል። ይኼን የቆጠረ ሰው ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ሰንጢ ሳያገላብጥ አያልፍም። እኔንም የጠመደኝ በከፊል ይኸው ነው።

የኛ አገር ቢላ ላይ ግን ስም አታገኚም። የአያታችሁን ካራ ብታገላብጪው የሠራውን ሰው የሚጠቁም አንድ ፊደል የለም። ይኼ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ቀጥቃጩን ቡዳ እያልን፣ አብረነው ማዕድ ሳንቆርስ፣ ልጃችንንም ሳንድርለት ነው በሠራው ቢላ የኖርነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ስሙ ስድብ የሆነበት ሰው ስሙን ብረት ላይ እንዲመታ መጠበቅ ይከብዳል። ዞሊንገንና የእንግሊዟ ሼፊልድ በማኅተም ሲከብሩ የኛዎቹ ሳይጠሩ ቀሩ። በዚህ የተነሳ የኢትዮጵያ ቢላ መሰብሰብ ከባድ ነው። የሚነበበው ጽሑፍ አይደለም። የመዶሻው አመታት፣ የእጀታው አሠራር፣ የብረቱ ምንነት ነው።

እንግዲህ ካራውን እንየው። በዓይኔ አላየሁትም። መኪና ከገባ በኋላ የተሠራ ከሆነ ግን ብረቱ ከባሌስትራ የመምጣቱ ዕድል ሰፊ ነው። ቀጥቃጮቻችን የተሰበረ ባሌስትራ ይወዳሉ፣ ደግሞም ልክ ናቸው። የመኪና ባሌስትራ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው። ካርቦን ነው ብረትን ስለት የሚያሲዘው። ተራ የግንባታ ፌሮ ካርቦኑ አነስተኛ ነው፣ ብትስዪውም ወዲያው ይደንዛል። ቀጥቃጩ ባሌስትራውን ከሰል ላይ አድርጎ ወናፉን ይነፋል፣ ይቀጠቅጠዋል፣ ቅርጽ ያወጣል። በመጨረሻ እንደገና ቀይ እስኪሆን ያግለውና በዘይት ወይም በውሃ ይነክረዋል። መቼ መንከር እንዳለበት የሚያውቀው በቀለሙ ነው። ዛሬ ማግኔት ይዘሽ ብትፈትኚው ብረቱ 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔቱን እንቢ ይላል። ቀጥቃጩ ግን ጨለም ያለ ጎጆ ውስጥ ቁጭ ብሎ በዓይኑ ነው የሚለየው። ለዚህም ነው ቤቱ ጨለማ የሚሆንለት። ፀሐይ ላይ ቀይና ብርቱካን አይለይም።

ወደ ሽቦው ተመለስን። ብረት ላይ የሚታይ ጥቁረትና ዝገት አንድ አይደሉም። በንጹሕ ጨርቅ ፈተግ አድርጊው። ጨርቁ ላይ ቡናማ ዱቄት ከተወ ዝገት ነው፣ ብረቱን እየበላ ስለሆነ መውጣት አለበት። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ከወጣና ቀለሙ ግራጫ፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ከሆነ ግን እሱ የዕድሜ ልባሱ ነው። አያታችሁ ሥጋ፣ ሽንኩርትና ሎሚ በቆረጡበት ቁጥር የተነጠፈ ስስ ሽፋን ነው። ከቀይ ዝገት በተወሰነ ደረጃ ይከላከላል። ሽቦ ከነካው ግን በአምስት ደቂቃ ድራሹ ይጠፋል። ያ የሃምሳና የስልሳ ዓመት ልባስ በገንዘብ አይመለስም። የድሮ ቢላ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየውም እሱን ነው። አብርቶ የመጣ አሮጌ ካራ ዋጋው ይወድቃል።

ስለዚህ ወንድምሽ ልክ ነው። እናትሽም ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፣ ቀይ ዝገት ካለ ዝም መባል የለበትም። የሚወጣው እንዲህ ነው። ዝገቱ ላይ የስፌት ማሽን ዘይት ጠብ አድርጋችሁ አንድ ሌሊት ተዉት። በማግስቱ በጣም ቀጭን በሆነው የብረት ሱፍ፣ ሳትጫኑ፣ ዝገቱ ያለበትን ብቻ እያሻችሁ አውጡት። በሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ እንደገና በስሱ ዘይት ይቀባ። ምግብ የሚቆረጥበት ከሆነ ሁሌም ከመጠቀም በፊት ይታጠብ። የምግብ ዘይት ቀብቶ ማስቀመጥ አልመክርም፣ እየቆየ ሙጫ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ። በየሰፈሩ በእግር የሚዞር መሳያ ይዘው ለሚመጡት ካራውን እንዳትሰጡ። ለተራ የወጥ ቤት ቢላ ምንም አይደለም፣ እኔም ሠርቼበታለሁ። ያ ክብ ድንጋይ ግን ብረቱን በሰኮንድ ያግለዋል። ጫፉ ሰማያዊ ከመሰለ ወደ 300 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው፣ እዚያ ጋ ቀጥቃጩ የሰጠው ጥንካሬ ለቋል። ከዚያ በኋላ ያ ቦታ ስለት አይዝም። በየጊዜውም ብረቱን በብዛት ይበላዋል። በእጅ ድንጋይ ይሳል። ድንጋይ ባይኖር የሲኒ ቂጥ አለ። ከሥሩ ሳይለሰን የቀረው ሸካራ ክብ በደንብ ይስላል። ብዙ እናቶች ያውቁታል፣ ምናልባት እናትሽም።

አሮጌ ካራ ይሠራበት ወይስ ይቀመጥ? ካራው ካልተሰነጠቀና እጀታው ካልላላ ይሠራበት። ጊሌው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጊሌ የአፋር ወንድ ወገቡ ላይ የሚታጠቀው፣ በሁለት በኩል ስለት ያለው ቆልመም ያለ ጩቤ ነው። ከነሰገባው ዕቃው ሙሉ ነው። ስለቱን አትሳሉት፣ ቆዳውንም ውሃ አታስነኩት። አንድ ነገር ብቻ፦ ብረቱን ለረጅም ጊዜ ሰገባው ውስጥ አድርጎ ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ በማልፊያው ኬሚካልም ብረት ያዝጋል። ጎን ለጎን ይቀመጡ። ቀንድ እጀታ ካለው ነቀዝ እንዳይገባበት አልፎ አልፎ ይታይ፣ በጣም ደረቅ ቦታም ይሰነጠቃል።

ጃፓኑ ላይ ብዙ አልቆይም። በ1876 እ.ኤ.አ. የጃፓን መንግሥት ሰይፍ ታጥቆ መሄድን ሲከለክል ብዙ ሰይፍ ሠሪዎች ወደ ወጥ ቤትና ወደ እርሻ መሣሪያ ዞሩ። ያ ሙያ ነው ዛሬ ወጥ ቤታችሁ የገባው። ብረቱ ከጀርመን ቢላ ይጠነክራል። በሮክዌል መለኪያ የጀርመኑ ብዙ ጊዜ 56 እስከ 58 ሲሆን የጃፓኑ ከ60 ያልፋል። ስለዚህ ስለቱ ይቆያል፣ ግን ተሰባሪ ነው። የዶሮ ብልት ሲገነጠል በእሱ አጥንት እንዳይመታ! ስለቱ ጥርስ ጥርስ ሆኖ ይረግፋል፣ ያንን ማስተካከል ግማሽ ቀን ይፈጃል። ለአጥንት የተራው ቢላ ይብቃ። እቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም አይግባ።

ወንድምሽ ቀጥሎ የሚሳሳተው የት እንደሆነ ልንገርሽ? ደማስቆ ላይ። ሰብሳቢ ሁሉ አንድ ቀን ሞገድ ሞገድ ያለው ቢላ አይቶ ልቡ ይሰረቃል። የጥንቱ የደማስቆ ብረት ከደቡብ ህንድ ይመጣ ከነበረ የቀለጠ ብረት የሚሠራ ነበር፣ የዛሬው ሁለት ዓይነት ብረት ተደራርቦ የተቀጠቀጠ ነው። እሱም ቆንጆ ነው፣ ችግር የለውም። ችግሩ ገበያውን የሞላው በሌዘር የተሳለ ሞገድ ነው። መለያው ቀላል ነው። እውነተኛው ሞገድ ብረቱ ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ ቢላው ጀርባ ላይ ሳይቀር ይታያል። በሌዘር የተሳለው ግን ጀርባው ላይ ይቋረጣል፣ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ቢፈተግም ይጠፋል፣ አይመለስም። ሻጩ ጀርባውን እንዳይታይ አድርጎ ፎቶ ካነሳው እኔ አልገዛም።

የእናትሽ ስጋት ተገቢ ነው። አምስት ቢላ ቢላ ሆኖ አይደለም የሚያስፈራው፣ የሚያስፈራው የትም መጣሉ ነው። ቁልፍ ያለው ሳጥን ይኑረው። መሳቢያ ውስጥ እርስ በርስ እየተጋጩ እንዳይቀመጡ፣ ለስለቱም ለእጅም መጥፎ ነው። ሰው እጅ ላይ ሲሰጥ እጀታውን ወደ ተቀባዩ ያዙረው። ጉዞ ካለው ሰንጢው እጅ ሻንጣ ውስጥ እንዳይረሳ። አየር ማረፊያ ላይ ከአባት የወረሱትን የተነጠቁ ሰዎች አውቃለሁ። ኪስ ይዞ መዞርን በተመለከተ ደግሞ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። ለምሳሌ እንግሊዝ አገር ኪስ ውስጥ ያለ ምክንያት የሚፈቀደው ታጣፊ፣ የማይቆለፍና ስለቱ ከ3 ኢንች የማያልፍ ነው። ቀለበት ያለው ኦፒኔል ይቆለፋልና እዚያ አይገባም።

ስለ ልደቱ፦ ስድስተኛ ቢላ አትግዢለት። ድንጋይ ግዢለት። አንድ ፊቱ 1000፣ ሌላው 6000 ቁጥር የሆነ። ሺው ይስላል፣ ስድስት ሺው ያለሰልሳል፣ ለአምስቱም ይበቃዋል። ስትገዢ ወረቀቱን አንብቢ። አንዳንዱ ድንጋይ ከመጠቀም በፊት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አለበት፣ አንዳንዱ ግን ከተዘፈዘፈ ይበላሻል፣ ላዩን ማርጠብ ይበቃዋል። ገንዘብ ከተረፈሽ ማስተካከያ ድንጋይም ጨምሪበት። ዋናው ድንጋይ እየተሠራበት ሲሄድ መሃሉ ይጎደጉዳል፣ በጎደጎደ ድንጋይ ላይ ደግሞ ማዕዘን መጠበቅ አይቻልም። እናትሽን ከፈለግሽ የወጥ ቤቱን ቢላ እሱ እንዲስልላቸው ንገሪያቸው። ክርክሩ ጋብ ይል ይሆናል።